የይማርሽ ቀሚስ

የካቲት 26 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

የሙሽራዋ ጨርቅ ከጥሎሹ ቀድሞ ዛሬ ከብልባላ ደረሰ። ከደሴ የተገዛ ነጭ ቴትረን ነው። መስኮቱ ሥር ዘርግቼ ከዳር እስከ ዳር አየሁት፤ እንከን የለበትም። ለአንድ ቀሚስ ብቻ ነው የሚበቃው። ከተበላሸ ሌላ የለም፤ በቀበሌው ሱቅም ካኪ እንጂ ነጭ ጨርቅ ካየን ቆየን።

ይዘው የመጡት የሙሽራው የምናለ አጎት አቶ የሻው ናቸው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ በወገኑ ስም የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው። እንዲቀመጡ ብለምናቸው አሻፈረኝ ብለው በር ላይ እንደቆሙ ነገሩኝ።

«መምህርት፣ ቀሚሱ መሬት ይንካ። የሚመጣው ዘመድ ብዙ ነው። መቼም ይገባዎታል።»

ገብቶኛል። ሙሽራዋ ይማርሽ ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። በልጅነቷ የያዛት ልምሻ ግራ እግሯን አቅጥኖታል፣ አሳጥሮታልም። ከነአኩቶ ለአብ ወዲያ ካለ መንደር አጎቷ በአህያ አምጥቶ «ይቺን እንኳ ትምህርት ይሻላታል» ብሎ ከሰጠኝ ጀምሮ እኔ ጋ ናት። እነሆ ሃያ ዓመት ሞላት። አምና ለመሠረተ ትምህርት ብልባላ ዘምታ ስታስተምር ምናለ ከተማሪዎቿ አንዱ ነበር። እሱ ከሰሌዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ሰሌዳ ስትመላለስ አይቷታል። ዘመዶቹ ግን የሰሙት ወሬ ብቻ ነው።

ሠርጉ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

የቅድ ወረቀቱን አወጣሁ። አዲስ አበባ የምትኖር የቀድሞ ተማሪዬ የላከችልኝ ነው፤ በፋብሪካ የታተመ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። የቀሚሱ እያንዳንዱ ክፍል በልኩ ተስሎበታል፤ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን መቁረጥ ነው። ፖስታው ላይ ሁለት ሴቶች ተሥለዋል። አንዷ ባቷ ላይ የሚቀር ቀሚስ ለብሳለች፤ ሁለተኛዋ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ። የሁለቱም ወገብ የሰው ወገብ አይመስልም።

ልኩ በኢንች ስለሆነ ወደ ሴንቲ ሜትር ቀየርኩት። ቀየርኩና እንደገና ፈተሽኩት።

ወረቀቱ «ጨርቁን አጥፈሽ ግማሹን ቁረጪ፣ ሌላው ግማሽ ያው ነው» ይላል። የይማርሽ ግራና ቀኝ ግን ያው አይደለም። ስለዚህ አላጥፍም። ግራውን ለብቻ፣ ቀኙን ለብቻ እቆርጣለሁ። በግራ በኩል የሚቀነሰውም ከጫፉ ሳይሆን ከወገቡ ነው። ከጫፍ ከተቀነሰ ስትቆም ልክ ይመስላል፣ ስትራመድ ይጣመማል።

ይማርሽ መጣችና ጣቷን በአጭሩ ቀሚስ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ነው የኔ።»

«እሱ እኮ ባት ላይ ነው የሚቀረው።»

«ባት አለኝ እትዬ። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ሁለቱም የኔ ናቸው።»

«አጎትየው ያሉትን ሰምተሻል። ባይታይ ላንቺም ይሻላል።»

ቀጥላ ያልጠበቅሁትን ነገረችኝ። በሚዜ ጀርባ አልወጣም አለች። በአገራችን ሙሽራ ከቤት ስትወጣ ሚዜው አዝሎ ነው በቅሎዋ ላይ የሚያስቀምጣት። እኔ እንደውም ልማዱ ለእሷ ተብሎ የተሠራ ይመስለኝ ነበር፤ እርምጃዋን ማንም ሳያይ በክብር ትሄዳለች። እሷ ግን «እንደ ጆንያ አልጫንም። ከበሩ እስከ በቅሎዋ በእግሬ ነው የምሄደው። በዚያ ቀሚስ» ብላ እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

ረጅሙን እሰፋለሁ። በቀሚሱ ደስ ስትሰኝ ሌላው ይረሳታል።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

መጀመሪያ በጋዜጣ ቆርጬ ለካኋት። ጋዜጣው ሞልቶናል። ደረቷ ላይ ስለ ምርት ዘመቻ የሚያወራ ርዕስ ዋለ። «እትዬ፣ ዕቅዴን አሳክቻለሁ ወይ?» እያለች ስትሽከረከር ስፒሎቹ ረገፉ። ተቆጣሁ። በኋላ ለብቻዬ ሳቅሁ።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ

ቆረጥኩ። ረጅሙን።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ትከሻውን ፈታሁት። ዛሬም።

«ስንተኛዎ ነው?»

«እስኪስተካከል ነዋ።»

«ቀሚሱ ካላለቀ ሠርጉ የሚቀር መሰለዎት እንዴ?» አለችና ሳቀች።

ትከሻው በእውነት ተጣሞ ነበር። ብዙ አይደለም፤ የሚያውቅ ዓይን ግን ያየዋል። ደግሞ ምን ያቻኩላል? ጾሙ ሊያልቅ ገና ነው። ማታ ማታ እሷ ስታነብ እኔ ስፌት ስይዝ፣ ማንኛችንም ሳንናገር የምናሳልፈው ሰዓት ለዓይኔም ዕረፍት ነው።

መጋቢት 25፣ እሑድ መስሎኝ ነበር፤ ዓርብ ነው

ቀን እስክስት ድረስ ደክሞኛል።

የቀሚሱን ጫፍ አስተካከልኩ። ዘዴዬ ይህ ነው፦ በትር ላይ የተፈለገው ቁመት ምልክት ይደረጋል፣ በትሩ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በምልክቱ ትይዩ ቀሚሱ ላይ ጠመኔ ይደረጋል፣ ዙሪያውን እንዲሁ። ይማርሽ መስኮቱ አጠገብ ቆማ፣ እኔ በጉልበቴ እየዞርኳት ጨረስን። የክሩ ማጠንጠኛ እንደ ልማዱ እየተንከባለለ ከበሩ ሥር ገባና አቧራ ለበሰ። በቃ፣ ልክ ሆነ።

መጋቢት 28፣ ሰኞ

ልክ አልሆነም። ግቢው ውስጥ ሜዳው ላይ ብትቆም በግራ በኩል ወርዷል። ሁለት ጣት ያህል።

ሠላሳ ዓመት ለልጆች «ሁለት ጊዜ ለኩ» ስል ኖሬ!

ሚያዝያ 9፣ ዓርብ

ፈትቼ ደግሜ ለካሁ። ቤት ውስጥ ልክ ነው፤ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ዓይኔ ነው? በትሩን በሜትር ፈተሽኩት፣ ትክክል ነው። ይማርሽን ደጋግሜ «አትወላገጂ» አልኳት። እሷም «እትዬ፣ መወላገድ ሥራዬ ነው» አለችኝ።

ጨርቁ መርፌ በበዛበት ቁጥር ይጎዳል። አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳው መታየት ጀምሯል።

በዚህ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደባሱ መጣ። እሱም ተማሪዬ ነበር። ለሚያዝያ 23 የወዛደሮች ቀን ሰልፍ የሚያዙ መፈክሮች በቀይ ጨርቅ ተሰፍተው ያስፈልጋሉ፤ የስፌት መኪና ያለው እኔ ቤት ብቻ ነው።

«ሰኞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው የሚሰፋው፤ መኪናዎን ልጆች ይሸከሙልዎታል።»

«ሰኞ እኮ ሰሞነ ሕማማት ይገባል።»

«አብዮቱ ሕማማት የለውም መምህርት» አለና አጠገባችን ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «እናቴም ‹በሕማማት መምህርት ትስገድ› ብላኛለች፤ ከሰዓት በፊት ይጨርሱልኝና ይሂዱ» አለኝ።

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

በራሴ እስቅ ነበር፤ ሕማማት ባይሆን ኖሮ።

በድሮ ክፍሌ ውስጥ ቀዩን ጨርቅ እየሰፋሁ የክሩ ማጠንጠኛ ከእጄ ወደቀ። እንደ ልማዴ ወደ በሩ ሄድኩ ላነሣው። የለም። ዘወር ብል ከወደቀበት ቦታ ንቅንቅ አላለም። እኔ በሩ ጋ፣ እሱ ወንበሬ ሥር።

ከገንቦው ውኃ በጣሳ ቀድቼ ሲሚንቶው ላይ አፈሰስኩ። ውኃው ክብ ሆኖ ቆመ፤ ወዴትም አልሄደም።

ቤቴ ገደላማ ላይ ነው። ሲሠራም ወለሉ የታጠበበት ውኃ ወደ ውጭ እንዲወርድ ሆን ተብሎ ወደ በሩ ዘንበል ተደርጓል፤ እኛ አገር የትኛውም ቤት እንዲሁ ነው። እኔ ደግሞ ይማርሽን ሁልጊዜ ለብርሃኑ ስል መስኮቱ አጠገብ ግራዋን ወደ በሩ አድርጌ አቆማታለሁ። እሷ ልክ ነበረች። በትሩም ልክ ነበር። ያዘነበለው መሬቱ ነው። ስንት ዓመት እዚያ ወለል ላይ ኖሬ፣ ስንት ጊዜ ያንን ክር ከበሩ ሥር አንሥቼ፣ አንድም ቀን ለምን አላልኩም።

ይማርሽን አስጠራኋት። የልጆቹ ዴስኮች መካከል አቁሜ ለካኋት።

ሚያዝያ 14፣ ረቡዕ

ጫፉን ጨርሼ ተኮስኩት። ሜዳ ላይ፣ ዐለት ላይ፣ የትም ብትቆም ልክ ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት።

ረጅም ነው፤ ቁርጭምጭሚቷንም ይሸፍናል። መስተዋት ፊት ቆማ ብዙ አየችው። «ያምራል እትዬ» አለች። የምወዳትን ልጅ አውቃታለሁ፤ ያማረውን ነገር እንዲህ ባለ ድምፅ አትናገርም።

አሁን ተኝታለች። ለስግደት በሌሊት ትነሣለች።

ሚያዝያ 18፣ ፋሲካ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ መርፌ አልይዝም፤ እናቴም አትይዝም ነበር። ቀሚሱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሥራዬ አልቋል።

ቤቱን አሰብኩት። ይኼ መስኮት ለብቻዬ ሲሆን ብርሃኑ ይበዛል።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ከቀበሌ ስብሰባ ስወጣ ደባሱ ተከተለኝ።

«መምህርት፣ ነገ ይማርሽ ቤቷ ትረፍ። ከአውራጃ እንግዶች አሉ፤ የመሠረተ ትምህርቱ ሰልፍ መስመሩ እንዳይዛባ ብዬ ነው።»

«ይዛባል ያለህ ማን ነው?»

«ለእሷው ብዬ እኮ ነው። ባትታይ ለእሷም ይሻላታል።»

«ጠየቅሃት?»

«አልጠየቅኋትም፤ ግን…»

«ደባሱ፣ አራተኛ ክፍል ሳለህ ስታባዛ ጣትህን ከዴስክ ሥር ደብቀህ ትቆጥር ነበር። ከዴስክ በላይ አውጥተህ ቁጠር አልኩህ እንጂ ከክፍል ውጣ አላልኩህም።»

አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ሳቁ፤ እሱም ፊቱ ቀላ። ትሰለፍ አለ።

በድል ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ግን «ባትታይ ለእሷም ይሻላታል» የሚለው ቃል ተመለሰብኝ። ይህን ቃል በቅርቡ በገዛ ቤቴ፣ ከቅድ ወረቀቱ አጠገብ ሰምቼዋለሁ። የማን እንደሆነ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ሚያዝያ 23፣ ዓርብ። ጊዮርጊስ

ከቤተ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ወጥተን በዚያው ወደ ሰልፉ ሄድን። ግማሹ ሕዝብ ነጠላውን መስቀለኛ እንዳጣፋ ነው መፈክር የያዘው።

ይማርሽ የድሮ አጭር ቀሚሷን ለብሳ ከመሠረተ ትምህርት አስተማሪዎቹ ፊት ቆመች። እኔም ከጎኗ። ቀኝ እግሯ ይረግጣል፣ ግራው ዘግየት ብሎ ይደርሳል፤ ረገጥ፣ ዘግየት። ከኋላዋ ያሉት ልጆች ትንሽ ተደናበሩና ከእሷ እርምጃ ጋር ተስማሙ። ከዚያ በኋላ መስመሩ ሁሉ በእሷ ምት ሄደ። ከዳር የቆመች አንዲት ሴት «እችን ልጅ እዩልኝ! ሁሉን አስከትላ!» ስትል ሰማሁ። ይማርሽም ሰምታለች፤ አንገቷ ቀና አለ።

ማታ ቀሚሱን ከግድግዳው አውርዳ አጣጠፈችው።

«ረጅሙን እለብሰዋለሁ እትዬ። በሚዜም እወጣለሁ። ብዙ ደክመውበታል፤ አይዘኑብኝ።»

ይህን ስትል አልከፋትም፤ ለእኔ አዝና ነው። እንቅልፍ የለኝም። ልጽፍ የምችለው ይኸን ብቻ ነው፦ ቀሚሱ ልክ ነው፣ ግን የእሷ አይደለም።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

በማለዳ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ተክለ ሚካኤል ሄድኩ።

«አባ፣ በዚህ ሳምንት መርፌ ማንሣት ይፈቀድልኛል?»

«ለምን ሥራ?»

«የሙሽራ ቀሚስ ላሳጥር።»

ጢማቸውን ያዙ። «በፋሲካ ሳምንት ለሙሽራ መርፌ መያዝ ኃጢአት ከሆነ እኔም ነገ ልመርቃቸው አልመጣም፤ እሱም ሥራ ነው። ሂጂ ልጄ፣ ገበያው ሳይሞላ ጨርሺ።»

ደባሱን የድሮ ክፍሌን ቁልፍ ለመንኩት። ለምን እንደሆነ ስነግረው ራሱ መጥቶ ክፍሉን ከፈተ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ማንም እንዳይገባ ደጁ ላይ ቆመ። ይማርሽ ግራ ገብቷታል። ቀሚሱን አስለበስኳት፣ በትሩ ላይ አዲስ ምልክት አደረግሁ፣ ባቷ አጋማሽ ላይ ጠመኔ አዞርኩ። ከዚያ አስወልቄ መቀሱን አነሣሁ።

«እትዬ! ያ ሁሉ ስፌት!»

«ያ ሁሉ ስፌት ለመለማመጃ ነበር» አልኳት።

ቴትረን ሲቆረጥ ድምፁ ስለታም ነው። ይማርሽ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ነበር፣ ደግሞ ትስቅ ነበር። ደባሱ ከውጭ «ምን ሆናችሁ?» አለ። «ምንም፤ የመቀነስ ሒሳብ ነው» አልኩት።

ሚያዝያ 25፣ እሑድ። ዳግማይ ትንሣኤ

ሄዳለች። በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀን ሲያረጅ ሰው እየጨመረ ያወራዋል።

ሙሽራውና አጃቢዎቹ በከሰዓቱ ደረሱ። አቶ የሻው ቤት ሲገቡ ይማርሽ ተነሥታ ጉልበት ሳመች። ዓይናቸው ወደ ታች ወረደና እዚያው ቀረ።

«መምህርት፣ መሬት ይንካ አላልኩም?»

«መሬት የሚነካው እግሯ ነው አቶ የሻው። እሱ ይበቃል።»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አባ ተክለ ሚካኤል ምርቃቱን ጀመሩ። አውቀው ነው። ያላስረዘሙትም አውቀው ነው፤ እንደ ጨረሱ ሚዜው ሙሽራዋን ሊያዝል ከፊቷ በርከክ አለ። ይማርሽ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

«ተነሥ ወንድሜ። ወገብህን ለሚስትህ አቆየው።»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሚዜው ፊቱ ቀልቶ ተነሣ። አቶ የሻው ወደ ውጭ ጮኹ፦ «በቅሎዋን አቅርቡላት! እዚህ፣ እበሩ ሥር!»

የበቅሎዋን ልጓም የያዘው ምናለ ነበር። አጎቱን አያቸው፣ ይማርሽን አያት። ከዚያ በቅሎዋን ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ እየሳበ እስከ ግቢው ጫፍ ድረስ ሄዶ ቆመ።

«እዚህ ነኝ» አለ። «ትምጣ።»

የብልባላ ዘመድ በሙሉ በሁለት ወገን ቆሟል። ይማርሽ ወጣች። ረገጥ፣ ዘግየት። ረገጥ፣ ዘግየት። አልቸኮለችም። ቀጭኑ ባቷም ወፍራሙም በፀሐይ ታዩ። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ወገቧ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የቀሚሱ ጫፍ ግን ዙሪያውን እንደ ረጋ ውኃ ልክ ነበር። እኔ ያየሁት እሱን መሆኑን አልክድም። ጫፉን ስከተል ፊቷን ሳላይ ልቀር ነበር። ቀና ስል፣ የክፍሏን ሰሌዳ ይዛ የምትቆም አስተማሪ ፊት ነበረ።

የመጀመሪያው እልልታ የመጣው ከእኛ ወገን አይደለም። ከእነሱ ነው፤ ከአንዲት የማላውቃት አሮጊት። ከዚያ ማን ይስማ፣ ማን ይሰማ!

አቶ የሻው ከኋላ ደረሱ። ጎንበስ ብለው እርካቡን በገዛ እጃቸው ያዙላት። ቀና ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ዘመድ አይቷል» አሉ።

«አይቷል።»

«እኔም አይቻለሁ» አሉና በቅሎዋን ራሳቸው መሩ።

ቤቱ ሰፍቷል። መብራቱን ቀደም ብዬ አጠፋለሁ።

ግንቦት 2፣ እሑድ

ለመልስ መጡ። ይማርሽ ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጠላዋን ግን ከቀኝ ብብቷ አታነሣም። አስነሣኋት። ስፌቱ አንድ ስንዝር ተተርትሯል! ያ በድርብ የሰፋሁት፣ ሦስት ጊዜ የፈተሽኩት።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ጨፍሬ ነዋ! አጎቱ ፊቴ መጥተው እስክስታ ሲመቱ ቆሜ ልያቸው?»

«አቶ የሻው?»

«እሳቸው ናቸው ያስጀመሩኝ። የደከሙትም ቀድመው እሳቸው ናቸው።»

ምናለ ከጎኗ ሆኖ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ስፌቴ ተተርትሮ ደስ ሲለኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አስወለቅኋትና መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከረጅሙ ቀሚስ ከተቆረጠው ጨርቅ አንድ ቁራጭ ወስጄ በብብቷ ሥር ገባ አደረግሁበት። በወረቀቱ ላይ እንዲህ ያለ ክፍል የለም። አሁን እጇን እስከ ላይ ብታነሣ፣ ትከሻዋን እንደፈለገች ብትሰብቅ ይበቃታል።